ወንድሜ ሰው ሲያሳድግ

ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የመጣችው ልጅ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና፣ ያቀረብኩላትን ሻይ በሁለት እጇ ይዛ፣ «እትዬ፣ ስለ ወንድምዎ አንድ ገጽ ይጻፉልን» አለችኝ። «ወጣት በማፍራት ሊሸለሙ ነው። እነ አብሳይዋን ፒክሁንን ለዝና ያበቁ እሳቸው አይደሉ? የሕይወት ታሪካቸውን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?»

እውነቷን ነው፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። አንድ ገጽ አይበቃኝም፤ የምጽፈውንም በመስታወት አድርጎ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል አይገኝም። ቢሆንም እጽፋለሁ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ከእንግዲህ ማን ምን ያደርገኛል?

ወንድሜ ኬ ጂንቶ የድግስ አብሳይ ነበር፤ አባታችንም እንደዚያው። በእኛ ኮረብታ ልጁን የሚድር ሰው አዳራሽ ፍለጋ ከተማ አይወርድም። በሩ ላይ ያለውን መንገድ ይዘጋና ድንኳን ይተክላል፤ አብሳዩ ምድጃውንና ድስቱን በጭነት መኪና ጭኖ ይመጣል። አርባ ጠረጴዛ፣ ስድሳ ጠረጴዛ፣ በያንዳንዱ ዙሪያ አሥር ሰው፣ አሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ። አብሳዩ ይጮኻል፣ እኛ ሴቶቹ እንሮጣለን። የሚጠሩንም «የውሃ እግሮች» እያሉ ነው፣ እግራችን ከእጣቢ ውሃ ወጥቶ ስለማያውቅ።

እኔ ቦንግቺ እባላለሁ። የእኛን ቋንቋ የማያውቅ ካለ፣ «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ትደግ» እንደማለት ነው። አባቴ ሁለተኛ ወንድ ልጅ ሲጠብቅ እኔ መጣሁበት። አደግኩ እንግዲህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ለአንድ ሠርግ ቃል ከሰጠ በኋላ በትኩሳት ወደቀ፤ ጂንቶ ወታደር ቤት ነበር። አርባውን ጠረጴዛ እኔ አበላሁ። አንድ ሰሃን አልዘገየም፣ አንድ እንግዳ አላጉረመረመም። የሙሽራዋ አያት ምድጃው ድረስ መጥተው እጄን ሳሙኝ። በወሩ ጂንቶ ከወታደር ቤት ሲመለስ አባቴ ትልቁን ቢላዋ አውጥቶ ለእሱ ሰጠው። እኔን ገና አፌን ሳልከፍት «ሴት ልጅ የተደፋ ውሃ ናት፣ ተድራ ለሰው ቤት ነው የምትሄደው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄ ከእጣቢ ወጥቶ አያውቅም። አገባሁ፣ ባሌ ሞተ፣ ተመልሼ እዚያው እጣቢ ባልዲ ፊት ተቀመጥኩ።

አሁን ወደ ሸላሚዎቹ ጉዳይ ልምጣ፦ ጂንቶ ሰው ሲያሳድግ ምን ይመስል ነበር?

«ሙገሳ ልጅ ያበላሻል» ይል ነበር፤ በሕይወቱ አንድም ልጅ በሙገሳ አላበላሸም። በስድብ ያበላሻቸውን ግን እኔ እቆጥራለሁ። የመጀመሪያው ልጅ ጠያቂ ነበር። «ጋሼ፣ ኮምጣጤው ለምን መጨረሻ ላይ ይገባል?» ሲል ጂንቶ፣ «አፍህን መጨረሻ ላይ ስለምትዘጋ» ብሎ አባረረው። ሁለተኛው ትኩስ ዘይት እጁ ላይ ሲፈስ «ዘይቱን አባከንከው» ስለተባለ በማግሥቱ አልመጣም። ሦስተኛው ላይ ጭልፋ ተወረወረ፤ ልጁ ጭልፋውን ቀልቦ መልሶ ወረወረው። ደግ አደረገ። ካሆክ የሚባለው የገዛ ልጁ ብቻ ስድብ አይደርሰውም ነበር። እሱ የጭነት መኪናው ውስጥ ተኝቶ ነው ያደገው።

ፒክሁን የመጣችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት፣ ሰሃን ልታጥብ። አባቷ ገበያ ላይ የአሳማ ሥጋ ይሸጣል። ቀጭን፣ ጠይም፣ አፏ የማይዘጋ ልጅ ናት ብዬ ነበር መጀመሪያ። በሦስተኛው ቀን ግን አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ድስት እየፈገፈገች፣ ጀርባዋን ለምድጃው እንደሰጠች፣ «አክስቴ፣ የሦስተኛው መቀቀያ ውሃ እያለቀ ነው» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«ድምፁ ቀጠነ።»

ሄጄ ክዳኑን ብከፍት እውነትም ውሃው መቀቀያው ሥር ደርሷል። ጆሮ አይደለም ያላት፣ ጉድ ነው! የሁሉንም ምድጃ ድምፅ ለይታ ታውቃለች። ድንኳኑን አንዴ ዞር ብላ ካየች ደግሞ፣ «አሥራ ሰባተኛው ጠረጴዛ ላይ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ እዚያ የሚሄደው ዓሣ ትልቁ ይሁን» ትላለች። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የነበረኝን ነገር ሌላ ሰው ላይ አየሁት። ደስም አለኝ፣ ቀናሁም። ሁለቱንም እናገራለሁ፣ አልደብቅም።

ጂንቶም አይቶታል። ዕውር አይደለም፣ ክፉ እንጂ። ያየ ዕለት ስሟን ትቶ «ሰሃን» ይላት ጀመር። «ሰሃን፣ ወዲህ ነይ!» «ሰሃን፣ ጆሮሽን ዝጊና እጅሽን ክፈቺ!» ማጣፈጫ ሲጨምር ጀርባውን አዙሮ በትከሻው ይከልልባታል። እሱ በትከሻው ሲከልል እኔ ድስቶቹን ሳላጥብ ለእሷ አስቀምጥላት ነበር። ሰው ሁሉ ሲሄድ እያንዳንዱን በጣቷ እየጠረገች ትቀምሳለች። «እዚህ ውስጥ የደረቀ ዓሣ አለ።» «አለ።» «ስኳሩ ከሽንኩርቱ በፊት ነው የገባው።» «በፊት ነው።» እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስት ዓመት። የወንድሜን ሙያ በሙሉ ከድስት ሥር ላሰችው። ይህን ለሸላሚዎቹ ንገሩልኝ፤ ወጣት አፈራ የተባለው ድስት ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት የስድሳ ጠረጴዛ ሠርግ መጣ፣ ከቀርከሃው ጫካ በታች ካሉት የሊም ቤተሰቦች ዘንድ። በእኛ ዘንድ «ሰማይ ላይ ነጎድጓድ፣ ምድር ላይ የእናት ወንድም» ይባላል። የሙሽራው እናት ወንድም በዋናው ጠረጴዛ ዋናው ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ሠርግ አይጀመርም። አንድ ሰሃን ቀድሞ ከወጣ አጎትየው ዞሮ ይሄዳል፤ እሱ ከሄደ እናትየው ታለቅሳለች፤ ሁለቱ ቤተሰቦች እስከ ልጅ ልጅ አይነጋገሩም። አጎትየው ሲቀመጥ ርችት ይተኮሳል፣ አብሳዩ ያንን ሰምቶ የመጀመሪያውን ምግብ ያወጣል።

ያን ቀን አጎትየው ከባሕሩ ዳር ነበር የሚመጣው፤ ዘገየ። እኩለ ቀን አለፈ፣ እንግዳው ተራበ። መድረኩ ላይ ለምክር ቤት የሚወዳደር አንድ ሰውዬ ማይክሮፎን ይዞ በተሰበረ ድምፅ ይዘፍናል። ወንድሜ ከሙሽራው አባት ጋር የሩዝ አረቄውን ይዟል። በዚህ መሐል ርችት ተንጣጣ።

«አውጡ!» ብሎ ጮኸ ጂንቶ።

ፒክሁን ከቆመችበት፣ «ጋሼ፣ የእኛ አይደለም! ድምፁ ከላይ ከቤተ መቅደሱ ነው የመጣው» አለች።

«ሰሃን፣ ዝም በይ! አውጡ አልኩ!»

አወጣን። ምን እናድርግ፣ የለመድነው እሱን መስማት ነው። ስድሳ ሰሃን ቀዝቃዛ ምግብ በአንዴ ወጣ፤ ሽሪምፑ፣ የተጠበሰው የዓሣ እንቁላል፣ የተቆራረጠው የዶሮ ሥጋ። እንግዳው ቾፕስቲኩን አነሳ። እኔ ዋናውን ወንበር አየሁት፤ ባዶ ነው። ወዲያው የሙሽራው እህት ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች መጣች።

«አጎቴ መጡ! ታች መኪና እያቆሙ ነው!»

ከታች እስከ ድንኳኑ የሦስት ደቂቃ ዳገት ነው። ወንድሜ የአረቄ ዋንጫውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከዚያ አፉ ተከፈተና እኛን መስደብ ጀመረ፤ «እናንተ የአሳማ ጭንቅላቶች፣ ማን አውጡ አላችሁ?» አለን፣ ያውም ፊት ለፊታችን። ስድሳ ጠረጴዛ ሕዝብ አፉ ጉንጩ ድረስ ሞልቶ ያየናል። ፒክሁን የጠርሙስ ሣጥን ገልብጣ ላዩ ላይ ወጣችና እኛን የውሃ እግሮቹን አዘዘችን።

«እትዬ ቹን፣ ከአንድ እስከ ሃያ አንሡ! ሳምሙይ፣ ከሃያ እስከ አርባ! አክስቴ፣ ቀሪው ያንቺ ነው! አንድም ሰሃን ጠረጴዛ ላይ እንዳላይ!» ከዚያ ወደ እንግዳው ዞረች። «እንግዶቻችን፣ አፋችሁ ውስጥ የገባውን ዋጡት፣ እጃችሁ ላይ ያለውን መልሱ! የሊምን እናት ማስለቀስ የሚፈልግ አለ?»

ሳቅ ሆነ። እንግዳው ራሱ ሰሃን እያነሳ ያቀብለን ጀመር። አንድ ሽማግሌ ብቻ ሽሪምፓቸውን በቾፕስቲክ አንቀው «እኔ ገና አልቀመስኩም!» አሉ።

«አያቴ፣ ሁለት አድርጌ እመልስልዎታለሁ፣ ስሜ ፒክሁን ነው፣ ካላመጣሁ ይስደቡኝ» አለች። ለቀቁላት። መድረኩ ላይ ያለውን ሰውዬ «ጋሼ፣ ሌላ ዘፈን! ከፍ አድርገው!» ብላ ጮኸችበት፤ እሱም ደስ ብሎት ከፍ አደረገው። በዋናው ጠረጴዛ ልብስ ላይ የሶስ ጠብታ ነበር፤ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አንስታ ላዩ ላይ አስቀመጠችበት።

አጎትየው በነጭ ሸሚዝ፣ ፊቱ እንደ ጎመን ዘር ጠቁሮ ገባ። ጠረጴዛዎቹን አየ፤ ቀዩ ጨርቅ ብቻ ነው ያለው። ስድስት መቶ ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ተማሪ ተቀምጧል።

«ሳትጀምሩ ጠበቃችሁኝ?»

«አጎቴ፣ እርስዎ ሳይቀመጡ ማን ደፍሮ?» አለችው ፒክሁን፣ ወንበሩን እየሳበች።

ተቀመጠ። ርችቱ ተንጣጣ፣ አሁን የእኛው። ምግቡ እንደገና ወጣ፤ የጎደለውን ከኋላ ሞልተነው ነበር። ሽማግሌውም ሁለት ሽሪምፓቸውን አገኙ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበር! ግን አጎትየው ሆዱ ሲሞላ ዋንጫውን ይዞ ተነሳና፣ «ዋናው አብሳይ የታል? ላመሰግነው» አለ። ወንድሜ ሽርጡን አስተካክሎ አንድ እርምጃ ወደፊት ራመድ አለ። ስድሳ ጠረጴዛ ሰው ግን ጣቱን የቀሰረው ወደ ፒክሁን ነበር።

ያን ጊዜ የወንድሜን ፊት አየሁት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ፊት ነው።

ስንመለስ እሱና ካሆክ ፊት ተቀመጡ፣ እኔና ፒክሁን ከኋላ በድስቶቹ መሐል።

«አክስቴ፣ ያባርረኛል አይደል?»

«አይደፍርም።»

«ይደፍራል። ግን አልፈራሁም። የራሴን ድንኳን እተክላለሁ። ሣጥን ላይ ቆሜ መጮኹን እኔ እችላለሁ። ምድጃው ላይ የምትቆሚው ግን አንቺ ነሽ። የአንቺ እጅ ጥሩ ነው፤ አባቴ እንኳ ያስታውሰዋል፣ ያንን የአርባ ጠረጴዛ ሠርግ በልቷል።»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያንን ሠርግ አፉን ሞልቶ የጠራልኝ ሰው አልነበረም። ጭስ የገባብኝ መስዬ ዓይኔን አሸሁ። «ልጄ፣ አንቺ ጥሪኝ ብቻ፤ በእንብርክኬም ቢሆን እመጣለሁ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ስሟንም «ሰሃንንም» ተወ። ጨርሶ አይጠራትም፤ የሚፈልገውን ለእኔ ይናገራል፣ እኔ ለእሷ እነግራለሁ፣ እሷም እዚያው አጠገቡ ቆማ ነው። ሁለት ወር እንዲህ ሄድን።

በጨረቃ አቆጣጠራችን በአሥራ ሁለተኛው ወር በአሥራ ስድስተኛው ቀን አሠሪ ሁሉ ሠራተኞቹን ያበላል። ከምግቡ መሐል ሙሉ ዶሮ፣ ከነራሱ፣ ይቀርባል። የዶሮው ራስ ወደ አንድ ሠራተኛ ዞሮ ከተቀመጠ፣ ያ ሰው ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ሥራ የለውም። አንድ ቃል አይነገርም፣ ሰሃኑ ብቻ ይናገራል። በልባችን ፈሪ ነን መሰለኝ፣ ሰው ለማባረር እንኳ ዶሮ እንልካለን። ደግ አሠሪዎች ራሱን ወደ ራሳቸው ያዞሩታል፣ ወይም ክንፉ ሥር ይደብቁታል። ወንድሜም በሠላሳ ዓመት ውስጥ ወደ ሰው አዙሮት አያውቅም፤ ይህችን ሐቅ አልነሳውም። ሰው የሚያባርረው በአፉ ነበር።

ግቢያችን ውስጥ፣ በቀትር፣ ከጂንቶ ሌላ አሥራ አራት ሆነን ትልቁን ጠረጴዛ ከበብን፤ አሥራ አንዱ የውሃ እግሮች፣ ካሆክ፣ ፒክሁንና እኔ። ምግቡን በሙሉ የሠራችው ፒክሁን ናት፤ እሱ ነበር በእኔ በኩል «እሷ ትሥራው» ያለው። ዶሮውን አምጥታ መሐል ላይ አኖረችው፣ ራሱን ወደ ወንድሜ አድርጋ፣ እንደ ወጉ። ጂንቶ ተነሳ። ሰሃኑን በሁለት ጣቱ ያዘውና ቀስ እያለ አዞረው። የዶሮው ምንቃር እኔን አለፈኝ፣ እትዬ ቹንን አለፋት፣ ካሆክን አለፈው። ፒክሁን ላይ ሲደርስ ቆመ።

ወንድሜ ተቀምጦ መብላት ጀመረ።

«ጋሼ» አለች ፒክሁን። ድምፅዋ አልተሰበረም። «ምን አጠፋሁ?»

ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት። «ምንም። ጎበዝ ነሽ። የምትሄጂውም ለዚህ ነው። በአንድ ምድጃ ላይ ሁለት ሰው አይጮኽም። ይሄ ደግሞ የልጄ ምድጃ ነው።»

ካሆክ ፊቱን ሩዙ ውስጥ ቀበረ።

ፒክሁን ቾፕስቲኳን አስተካክላ አስቀመጠች። ተነሳች፣ ለወንድሜ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች። «ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ» አለች፤ ምንም ፌዝ አልነበረባትም፣ ይሄ ነው ያቃጠለኝ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። «ከሁለተኛው ወር ጀምሮ እሠራለሁ። ድንኳን የለኝም፣ መኪና የለኝም። ብርድ ይሆናል። መምጣት የሚፈልግ ካለ ይምጣ።»

እትዬ ቹን ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ተነሳች። «ይሄ ጉልበት ለአንድ ሠርግ እንኳ አይበቃም» አለች፣ «ግን የሚሰድበኝን ሰው መምረጥ ከተቻለ ይቺን መርጫለሁ።» ሳምሙይ ተነሳች። ከዚያ ሌላዋ፣ ሌላዋ። ወንበር ሲንሻተት ብቻ ነው የሚሰማው። አሥራ አንዱም ሽርጣቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ እየጣሉ ከኋላዋ ቆሙ። ማንም አልጎተታቸውም። ሰው መምራት ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን አየሁ፤ ወንድሜም አየ።

ፒክሁን አልሄደችም። እኔን እያየች ቆመች።

«አክስቴ?»

ለምን እንዳልተነሳሁ ከራሴ በቀር የጠየቀኝ የለም። እግሬ እንቢ አለ ብል ውሸት ነው፣ እግሬ ደህና ነበር። ወንድሜን ፈራሁ ብልም ውሸት ነው፤ እሱን ጠልቼው እንጂ ፈርቼው አላውቅም። የፈራሁት ምድጃውን ነው። ሠላሳ ዓመት «ያኔ ቢሰጡኝ ኖሮ» ስል ኖርኩ፤ በዚያች ቃል በላሁ፣ በዚያች ቃል ተኛሁ። አሁን ብቆምና ቢያቅተኝስ? ያች የአርባ ጠረጴዛ ቀን አንድ ጊዜ የሆነች ዕድል ብቻ ብትሆንስ? ወንድሜን መራገም ይቀለኛል። እሱን ለምጄዋለሁ።

«ሩዙ ይቀዘቅዛል» አልኳት። «ልብላ።»

ከዚያ ለእኔም እንደ እሱ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳችና አሥራ አንዱን ሴቶች አስከትላ በበሩ ወጣች። ቁልቁለቱን ሲወርዱ እትዬ ቹን የሆነ ነገር ተናግራ ሲስቁ ተሰማኝ።

ወንድሜ የዶሮውን እግር ገንጥሎ ሰሃኔ ላይ አኖረልኝ። በሕይወቱ አጉርሶኝም ጨልፎልኝም አያውቅም።

«እኔ እኮ አውቅ ነበር» አለኝ። «አንቺ የትም አትሄጂም።»

በላሁ። ዶሮው ልክ እንደሚገባው በስሎ ነበር፤ ሳልታገለው ከአጥንቱ ይላቀቅ ነበር።